ጎኑስ?

ባለፈው ሰሞን ወደ ራጅ ክፍላችን የተመደበችው ልጅ ጎበዝ ናት። ማሽኑን ከኔ አብልጣ ታውቀዋለች፤ እኔ መነጽሬን እስካስተካክል እሷ ሦስት ታካሚ ትሸኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠ አንዲት እናት ገቡ። ፊት ለፊት አነሳቻቸው፤ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አየት አድርጋ "ጨርሰናል እማማ፣ ይነሱ" ስትል እኔ በሩ ላይ ቆሜ "ጎኑስ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ምንም የለውም እኮ፤ ይኸው ይታያል። ካጠራጠረም ሲቲ ይታዘዝላቸዋል። ሁለት ጊዜ ማንሳት ምን ያደርጋል?"

መልስ አልሰጠኋትም። "አዙሪያቸው" ብቻ አልኩ። አዞረቻቸው፤ ጎኑ ተነሳ። ምንም አልወጣም፤ ወለምታ ነው። ልጅቷ ጨዋ ናትና አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ብላ የሚቀጥለውን ስም ጠራች። ያ ዝምታዋ ነው ቤቴ ድረስ የተከተለኝ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ ተረትቼ ነው፤ የተረታ ሰው ደግሞ ይግባኝ ይላል።

ስለ ኪሎቮልት፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ካሴት መጠን አልጽፍም። ሙያተኛው ያውቀዋል፤ ለሌላውም አይጠቅመውም። የምጽፈው ስለ አንዲት ጥያቄ ነው። ደሴ ውስጥ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ተለማማጆቹ ከጀርባዬ "ጋሼ ጎኑስ መጡ" ሲባባሉ እሰማለሁ። ስሙን ወድጄዋለሁ።

ራጅ ጥላ ነው። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ልጆች ሳለን ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እጃችንን ግድግዳ ላይ እያጠላን ውሻና ጥንቸል እንሠራ ነበር። የጥንቸሏ ጆሮ ሁለት ጣት ነው፤ እጅህን ትንሽ ስታዞረው ግን ሁለቱ ጣቶች ይደራረቡና አንድ ጆሮ ይሆናሉ። ጥላ የያዘውን ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ጭኖ ነው የሚሰጥህ። ከፊት ያለው የቱ ነው፣ ከኋላ ያለው የቱ ነው ብትለው አይነግርህም። የራጅን ጨረር ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የሚስቱን እጅ ሩብ ሰዓት ያህል ጨረሩ ሥር አስቀምጦ ያወጣው ምስል፣ ያ ቀለበቱ ጎልቶ የሚታየው፣ ከኩራዛችን ጥላ በዓይነቱ አይለይም።

ሮንትገን ጨረሩን ያየበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895ን፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ይሆናል። 1888 ለኛ ምን ዓመት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ውጫሌ የአምባሰል ናት፤ እኔ ካደግሁበት ከግሸን ሥር ሩቅ አይደለችም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ የተፈረመው ውል፣ በተለይም ያ 17ኛ አንቀጹ፣ ጠቡን አምጥቶ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ አደረሰን። ጨረሩ ከታየ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ናፖሊ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም ከኛ አገር ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በጨረር እያየ ውስጡ የቀረውን ጥይት ፈለገ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህን የመጀመሪያው አድርገው ይቆጥሩታል። ያቺ ጥይት ከማን በኩል እንደመጣች መገመት አያቅትም። ሙያዬ ከአገሬ ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው፤ ክሱ የተከፈተው ውጫሌ ነው፣ ማስረጃው የታየው ናፖሊ ነው።

ቃሉም ከነሱው ነው የመጣው። "ራጅ" የምንለው ጣሊያኖች ጨረሮችን "ራጂ" ከሚሉት ነው። ግሱን ግን የሰጠነው እኛ ነን፤ ራጅ "እንነሳለን"፣ ልክ እንደ ፎቶ። እኔ እንደሚመስለኝ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ግስ ይጀምራል። ፎቶ የሚነሳ ሰው ፊቱን ይሰጣል፣ ይበቃዋል፤ ጎኑን እንዲነሳ የሚገደድ እስረኛ ብቻ ነው። ታካሚውም ለዚህ ነው "አንዴ አንስተኸኝ የለም?" የሚለኝ። አሁን አሁን ባለሙያውም እንደዚያው ማሰብ ጀምሯል።

ጥይት ፈላጊዎቹ ሐኪሞች ጥላ አንድ ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባቸው። ጥይቷ ትታያለች፤ ግን ከቆዳው ሥር ናት ወይስ ከአጥንቱ ወዲያ? ማኬንዚ ዴቪድሰን የሚባል የብሪታንያ ሐኪም ቱቦውን ፈቀቅ እያደረገ ሁለት ጊዜ ያነሳና፣ ቱቦው ከነበረባቸው ከሁለቱ ቦታዎች ወደ ሁለቱ ጥላዎች ክር ይወጥር ነበር። ክሮቹ የተሻገሩበት ቦታ ጥይቷ ያለችበት ነው። በክር! በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ሜጀር ባተርስቢ የተባለ የጦር ሐኪም ሁለት ሰው የሚነዳውን ብስክሌት ከዳይናሞ ጋር አገናኝቶ፣ ወታደር ፔዳል እያስረገጠ ቁስለኞችን በራጅ ያይ ነበር። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ ናፍጣ ባጣ ቁጥር ያቺን ብስክሌት አስባታለሁ። አንድ ጊዜ ለጥገና ክፍሉ ሰው ነግሬው ከልቤ መስሎት ደነገጠ።

ስለ ግሸን ላውራ፤ ሳላወራ አላልፍም። አምባው መስቀለኛ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን የሚያኖሩበት መስቀለኛ ስፍራ ፍለጋ ብዙ አገር እንዳሰሱ፣ በመጨረሻም ግሸንን እንዳገኙ በትውፊት ይነገራል። እኛ ግን የምንኖረው ከሥሩ ነው። ከኛ ቀዬ ሲታይ ግሸን ግድግዳ ነው፤ ጠዋት ጥቁር፣ ከሰዓት ቀላ ያለ ገደል። "እቴቴ፣ መስቀሉ የቱ ጋ ነው?" ብዬ አያቴን ጠየቅኋት። "ከላይ ሆኖ ለሚያየው ነው" ብላ ዘጋችኝ። አልተዋጠልኝም። ከብት ስንጠብቅ ከጓደኞቼ ጋር አምባውን ለመዞር ተነሳን፤ ቀን ሙሉ ሄደን ግማሹን እንኳ ሳንደርስ መሸብን፤ ማታ ቤት ስንገባ ተገርፈናል። የሄድነውን ያህል ስንሄድ ግን አንድ ነገር አየሁ። ግድግዳ የመሰለኝ ነገር ለካ ክንድ ነው፤ አንዱ ክንድ ሌላውን ጋርዶት ነው። ከቤታችን በር ስናይ የነበረው የሁለት ክንድ ድርብርብ ነው። ይህን ያኔ በቃላት አልተናገርኩትም፤ ቃሉን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ የራጅ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ መደራረብ ሲያስተምሩን ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማሽኖቻችን ታሪክ፣ በኔ አስተያየት፣ አምባውን የመዞር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጄኖቫ ውስጥ ቫሌቦና የተባለ ሐኪም ማንሳቱ ሳይቋረጥ ነገሩን በማንቀሳቀስ ከአንዷ ንጣፍ በቀር ሌላው ሁሉ እንዲደበዝዝ አደረገ። ብልሃት ነው፤ ግን የደበዘዘው ነገር አልሄደም፣ እንደ ጭጋግ እላዩ ላይ ነው። እውነተኛውን ዙሪያ በሂሳብ ያሰበው አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። አለን ኮርማክ ኬፕታውን የፊዚክስ መምህር ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ግሩት ሹር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ስላጣ በሳምንት ቀን ተኩል እዚያ እንዲሠራ ተላከ። ሰውነት አንድ ወጥ እንዳልሆነ፣ ጨረሩም በአጥንትና በሥጋ ውስጥ እኩል እንደማያልፍ እያየ፣ ከየአቅጣጫው ብንለካ የውስጡን መልክ በስሌት ማግኘት ይቻላል ብሎ ተነሳ። የሞከረው በአሉሚኒየምና በእንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 አሳተመው። ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጽሑፉን ላክልን ካሉት አንዱ የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ጥናት ማዕከል ነው።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ የሙዚቃ ሸክላ በሚያሳትመው ኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር፤ ስለ ኮርማክ አያውቅም። የመጀመሪያ መሣሪያው አንዲት ምስል ለማንሳት ዘጠኝ ቀን ወሰደ፤ ኮምፒውተሩ ያንን ለማስላት ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል። (አንድ ሰዓት ወረፋ ጠብቀው ለሚቆጡኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ አይስቁም።) ጨረሩን በጠነከረ ተካው፤ የበሬ አንጎል አነሳ። ከዚያ ለንደን፣ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ አንጎሏ ውስጥ እጢ አለ ተብሎ የተጠረጠረ የመጀመሪያዋ ታካሚ ማሽኑ ውስጥ ገባች። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነበር። ይህንንም እንደ ልማዴ ወደ እኛ መለስኩት፤ መስከረም 20 ቀን 1964 ሆነ። የግሸን በዓል ዋዜማ! ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩ። የአገሬ ሰው ጧፉን ይዞ ያንን ዳገት ሲወጣ፣ ለንደን ውስጥ አንድ ቱቦ አንዲት ዲግሪ እየፈቀቀ፣ እንደገና እያየ፣ 180 ጊዜ የሰው ጭንቅላት ይዞር ነበር። ተአምር ነው አልልም፤ ግን ለልጅቷ ስነግራት እሷም ስልኳን አውጥታ ቆጠረች።

ምስሉ 80 በ80 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምናየው 512 በ512 ነው። ያም ሆኖ ሐኪሞቹ ያዩት የራስ ቅሉን ጥላ አይደለም፣ አንጎሉን ራሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሃውንስፊልድና ኮርማክ ኖቤልን ተካፈሉ። ሃውንስፊልድ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። እኔም በዲፕሎማ የገባሁ ነኝና ይህቺን ወሬ ለባለ ዲግሪዋ ልጃችን ሳልነግራት የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ልጅቷ "ሲቲ አለ እኮ" ስትለኝ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ሲቲ ማለት ያው የሃውንስፊልድ ማሽን ነው፣ ጎኑን 180 ጊዜ የጠየቀ። አንድ ጊዜ ለመጠየቅ የሰነፈ ሰው እሱን ምስክር አድርጎ ሊጠራብኝ አይገባም። ደግሞም ሲቲ ለሁሉ ሰው አለ ማን አለ? ከተራራ በቃሬዛ ወርዶ የመጣ ገበሬ ለሲቲ ሲላክ ሌላ ወረፋ ነው፣ ሌላ አልጋ ኪራይ ነው፣ አንዳንዴም የበግ ዋጋ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ የምለው ብርቱው እስኪመጣ ሁለቱን እናንሳ ነው።

ልጅቷ ኋላ ላይ ያነሳችው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ጨረር። ልክ ናት፤ ያለ ምክንያት አንዲትም አይነሳም። ግን ሂሳቡን እንየው። የእግር ወይም የእጅ አንድ ራጅ ወደ 0.001 ሚሊሲቨርት ነው፤ ድንጋዩና ሰማዩ በግማሽ ቀን ከሚሰጡን ያነሰ። የሆድ ሲቲ ከዚያ በሺዎች ጊዜ ይበልጣል። በጨረር ከሆነ የምንሟገተው ይግባኙ የኔ ነው።

ስለ ኤም.አር.አይ. አልጽፍም፤ እሱ የሌላ ቤት ልጅ ነው፣ ጥላም አያውቅም። ስለ አልትራሳውንድ አዋላጆቹ ይጻፉ። እነሱም ቢሆኑ ፅንስ ሲያዩ እጃቸውን አንዴ በቁም አንዴ በአግድም እንደሚያዞሩ ልብ ይሏል።

ተቀናቃኜ ሲቲ አይደለም። ወጌሻ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አንድ ሸምገል ያሉ ወጌሻ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን ይዟል። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ፊት ለፊት አነሳሁትና "ደህና ነው" አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሱም።

"ተሰብሯል" አሉ።

"ራጁ ምንም አያሳይም፣ አባቴ።"

"ያንተ ራጅ ከአንድ በኩል ነው የሚያየው። የኔ ጣት ዞሮ ነው የሚያየው።" የልጁን ክንድ በሁለት ጣት ይዘው ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ፤ ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። አዙሬ አነሳሁት። በጎን በኩል አጥንቱ እንደ እርጥብ ቀንበጥ ጎበጥ ብሏል፤ የሕፃን አጥንት እንደሚሆነው፣ ሳይለያይ ተቀጭቶ። ፊቴ ጋለ። ሽማግሌው ስክሪኑን እንኳ ሳያዩ "አብሽር" አሉኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ።

ይህን ስል ወጌሻ ጋ ሂዱ ማለቴ አይደለም። ጠብቆ በታሰረ መቃ ምክንያት የጠቆረ እጅ ስንቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ራጁ የሚጠቅመው የት ላይ እንደሚቆረጥ ለማወቅ ነው። ለሽማግሌውም ይህን ነገርኳቸው። ስለ አጥንቱ ተስማምተን ስለ አስተሳሰሩ ተጣልተን ተለያየን። ግን ዞሮ ማየትን ያስተማረኝ መጽሐፉ ነው ብል ይታዘቡኛል።

ጎን እንዴት እንደተረሳ አውቃለሁ፤ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ድሮ በጨለማ ክፍል ስንሠራ ፊልም ውድ ነበር። ደሴ ብርዳም ናት፤ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ደቨሎፐሩ፣ ወደ 20 ዲግሪ ካልሞቀ ምስሉ ገርጥቶ ይወጣልና የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን ገንዳው ውስጥ እናቆም ነበር። ቀዩ አምፖል ሥር ፊልሙን ከነሀንገሩ ስትነክረው መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ አጥንቱ ቀስ እያለ ይመጣል። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር እጅህ ላይ ይሸትሃል፤ እንጀራ ስትበላም ይሸትሃል። ካርቶኑ ሲጎድልና አዲስ ፊልም መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው ጎን ነው። ብልሁ ሰው የፊልሙን መያዣ ካሴት በእርሳስ ንጣፍ ግማሹን ሸፍኖ በአንድ ፊልም ሁለቱንም ያነሳል፤ የደከመው አንዱን አንስቶ ያልፋል። አሁን ፊልም የለም፣ ምስሉ አያልቅም፤ የቀረው ልማዱ ነው። በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደርሶ ዕቃ በተዘረፈበት ጊዜ ደግሞ ልማዱ ተመልሶ መጣ፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ።

አባቴ የወደቀው እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በሬ ሊመልስ ሮጦ ከእርከኑ ጫፍ አፈሩ ከዳው፤ ከፍ ካለ ቦታ በሁለት እግሩ ድንጋይ ላይ ቆመ። በቃሬዛ ወርዶ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሐኪም ቤት ደረሰ፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ቁርጭምጭሚቱን አንድ ጊዜ ፊት ለፊት አነሱት። ስብራት የለም ተባለ። ፊልሙን ይዞ ተመለሰ። የመንደራችን ወጌሻ መጥተው ተረከዙን በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው ጫን ሲሉት ጮኸ። "ተረከዝህ ተደፍጥጧል" አሉት። አባቴ ተቆጣ። "ራጅ ተነስቻለሁ እኮ!" ብሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ እያነከሰ አረሰ። መስከረም 21 ለበዓሉ ስንወጣ እሱ ከአምባው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነጠላውን አጣፍቶ ይጠብቀን ነበር።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ለዓይኑ ደሴ መጥቶ፣ ማታ ክፍሉ ባዶ ሲሆን አስገባሁት። ተረከዙን በጎን አነሳሁ። ፊልሙን ሳይደርቅ ወደ መብራቱ ሳነሳው ውሃው ክንዴ ላይ ይወርዳል። ሐኪሞች የቦለር ማዕዘን የሚሉት አለ፤ በጤነኛ ተረከዝ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው። በቀለም እርሳስ ሁለቱን መስመሮች አሰመርኩ፤ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። አጥንቱ እንደተረገጠ ዳቦ ተደፍጥጧል።

አባቴ ዝም ብሎ አየው። "ይሄ ያን ጊዜ ቢታይ ኖሮ እድን ነበር?"

"ላትድንም ትችል ነበር" አልኩት። በዚያ ዘመን ከማሰርና ከመተኛት በቀር ብዙ የሚደረግለት አልነበረም፤ ልዋሸው አልፈለግሁም።

"አሃ" አለ። ፊልሙ ሲደርቅ እንድሰጠው ጠየቀኝ።

አገር ቤት እንደገባ ይዞት የሄደው ወጌሻው ቤት ነው። ሽማግሌው ሞተዋል። ልጆቻቸውን ሰብስቦ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ መስመሮቹን አሳያቸው፤ ከዚያ ቡና ተፈላ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ አንድም ቀን አላነሳልኝም። የፊልሙ ፖስታ አሁንም ከሣጥናቸው አለ። የመሬት ደብተሩንና የግብር ደረሰኞቹን የሚያስቀምጡት እሱ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ከመሃል ነው፣ የድሮው የፊት ለፊቱም አብሮት፣ በእርጥበት ተጣብቀው። ባለፈው ፋሲካ ላላቅቃቸው ሞክሬ ቀለሙ ሊነሳብኝ ሲል ተውኳቸው።